ድንቹ ከተሳካልኝ ወዲህ

ይድረስ በጣም ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እህቴ ለዮዲት ይርጋ፤ ካለሽበት ቤይሩት።

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ይዞሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? የእመቤትሽ ቁጣ በረደልሽ ወይስ እንደ በፊቱ ነው? እዚያ ብርዱ የሚገባው አሁን ነው ብለሽኛል፤ ያንን የድንጋይ ወለል በባዶ እግርሽ አትርገጪ፣ ልብስሽንም ደራርቢ። ታላቅሽ ነኝና ከዚህ ሆኜም ብቆጣሽ መብቴ ነው። ሳሙና የበላው እጅሽስ ዳነ? የላክሁልሽን ቅባት ጨርሰሽው እንደሆነ ንገሪኝ።

ሁልጊዜ ስጽፍልሽ «እኛ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነን» ብዬ ነው የምጀምረው። ዛሬም ያንኑ ልጽፍ እስክሪብቶውን አነሣሁና አስቀመጥሁት፤ ደግሜ አነሣሁና አስቀመጥሁት። ባለቤቴ ይግዛው አይቶኝ «ምነው፣ ማመልከቻ ነው እንዴ የምትጽፊው?» አለኝ። ማመልከቻ ቢሆንማ ለማን እንደማመለክት አውቅ ነበር። ደህና አይደለንም፣ ዮዲት። እምዬ ደህና አይደለችም።

ባለፈው በስልክ ስንገናኝ «ለገና እምዬን ስልክ ወዳለበት መካነ ኢየሱስ ድረስ አውጡልኝና ድምጿን ልስማ» ብለሽ ለምነሽኝ፣ እኔም እሺ ብዬሽ ነበር። ይግዛውም በቃሬዛም ቢሆን እናወጣታለን ብሎ ነበር። ያንን ቃሌን ማጠፌ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ መስመሩ ሰላምታ ሳንጨርስ ይቋረጣል፤ ባይቋረጥም ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። የካሣሁን ልጅ ወደዚያው ልትመጣ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ከዚያ በኋላ ብትፈርጂብኝም እቀበላለሁ።

አንቺ በመጋቢት ወደ ቤይሩት ከተመለስሽ ወዲህ ነው እምዬ መርሳት የጀመረችው። መጀመሪያ ትንንሽ ነገር ነበር፤ ቁልፉን የት እንዳኖረች፣ ዶሮዎቹን አስገብታ እንደሆነ። እኛም ስቀን እናልፈው ነበር። በክረምቱ ባሰባት፤ የአባባን ሙት ዓመት በሰኔ አውጥተን በሐምሌ እንደገና ጌሾ ውቀጡ ብላ ተነሣች። ከመስቀል ወዲህ ደግሞ እህል አፏ አልገባ አለ። ሽሮውንም፣ ሾርባውንም፣ አጥሚቱንም ሞከርሁላት። አንዴ ጎረስ ታደርግና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ያ ሁሉ ሰውነቷ ሟሽሾ አለቀ። ገላዋን ሳጥባት የጎኗን አጥንት በጣቴ እቆጥረዋለሁ፤ እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ ውኃው በረደኝ ትላለች። የጤና ኬላዋ ልጅ መጥታ አየቻትና ሕመሙ የእድሜ ነው፣ አፏን የከፈተችለትን ነገር ሁሉ ስጧት ብላን ሄደች።

በጥቅምት አንድ ቀን ታዲያ ማንም ሳይጠይቃት «ያቺ የምትንቀጫቀጨው ድንች የለችም?» አለችኝ። ደስታዬን አትጠይቂኝ። የሆነ ነገር አማራት ማለት ነዋ! ግን የትኛዋ ድንች እንደሆነች ወዲያው ገባኝና ደስታዬ ቀዘቀዘ። ያንቺዋ ናት።

ትዝ ይልሽ የለ፣ በሁዳዴ ያደረግሽው። የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ቆርቆሮ አፉን ቆርጠሽ፣ ድንቹን ከነልጣጩ ዘይትና ጨው አሽተሽ፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርገሽ ስትጋግሪ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብሽ። ልጣጭ ለከብት ይሰጣል እንጂ ሰው ይበላዋል እንዴ፣ ዓረብ አገር ድረስ ሄዳ የከብት መኖ ተምራ መጣች ያልሁሽ እኔ ነበርሁ። እምዬ ግን አንዱን አንሥታ ስትነክሰው ቀጭ አለ። ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቀች። በነጠላዋ አፏን ሸፍና አራት ጨረሰች። «ልጄ የድንች ቆሎ አበላችኝ» እያለች ለገባው ለወጣው ስታወራ ሰነበተች። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ያበላኋት ወጥ ሳይወራ ያንቺ የአንድ ቀን ድንች ተወራ። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ልንገርሽ።

የዘንድሮውን ድንች ነገር ነግሬሻለሁ። በሐምሌ ዝናቡ አላቋርጥ ሲል ቅጠሉ ጥቁር ጥቁር ነጥብ አወጣና በሳምንት ውስጥ እሳት የለበለበው መሰለ። ስንቆፍር ግማሹ በስብሶ በእጃችን ላይ ፈሰሰ። ከተረፈው ጥሩ ጥሩውን ለዘር መርጠን ጓዳ ጨለማው ውስጥ ዘረጋነው። ለመብል የቀረው አንድ እንቅብ እንኳ አልሞላም። በዚያ ላይ ነው እንግዲህ እምዬ ድንች ያማራት።

ያኔ ነው መካነ ኢየሱስ ወጥቼ የደወልሁልሽ። እጠቢው፣ በጨርቅ አድርቂው፣ በሹካ ወጋ ወጋ አድርጊው፣ ዘይትና ጨው ቀቢው፣ ከዚያ... ብለሽ ሳትጨርሺ መስመሩ ጥርቅም አለ። ብደውል ብደውል እምቢ አለ። እኔም ቀሪውን የማውቀው መስሎኝ ተመለስሁ። ዳቦ ሲጋገር በኮባ ይጠቀለላል፤ ሳይጠቀለል የሚጋገር ነገር በቤታችን አይቼ አላውቅም። አንቺ በጋገርሽ ጊዜ እንደሆነ እኔ ከሩቅ ቆሜ ስስቅ ነበር እንጂ እጅሽን አላየሁም። ከጓሮ የኮባ ቅጠል ቆርጬ፣ እሳት ላይ ለብለብ አድርጌ፣ እያንዳንዱን ድንች እንደ ሕፃን ጠቀለልሁትና አበሰልሁት። ስከፍተው ሽታው ቤቱን ሞላው። ልጣጩ ግን ረጥቦ ልፍስፍስ ብሏል። እምዬ በጣቷ ጫን አድርጋ አየችውና «ይህማ ቅቅል ነው» አለች። አልተቆጣችም፤ ሳህኑን ብቻ ወደ እኔ ገፋችው።

በሳምንቱ ደግሞ ረመጥ ውስጥ ቀበርሁት፤ ኮባው ካረጠበው ፍሙ ያደርቀዋል ብዬ። ልጣጩ እውነትም ደረቀ፤ ግን በዚያ አላበቃም፣ ከሰለ። የቻልሁትን ያህል አመዱን ጠራርጌ ሰጠኋት። ነከሰችው፣ አመድ አፏን ሞላው፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ተፋችውና «ምን በደልሁሽ፣ ሴትዮ?» አለችኝ። ሴትዮ ነው ያለችኝ፣ ዮዲት። ልጅሽ ማንጠግቦሽ ነኝ እኮ ብላት ትኩር ብላ አየችኝና «ማንጠግቦሽማ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ አልተመለሰችም» አለችኝ። ከቤቱ ኋላ ሄጄ እንደ ልጅ አለቀስሁ። እጄ አመድ አፋሽ መሆኑን ድሮም አውቀው ነበር፤ እንደዚያ ቀን ግን አላንገበገበኝም።

የመብሉ ድንች አለቀ። ዘሩን ልነካ ስል ይግዛው የጓዳው በር ላይ ቆመ። ዘር በልተን ለከርሞ ምን ልንተክል ነው፣ እናትሽ እናቴም ናት፣ ግን ልጅ አለን አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዘሩን ሳልነካ ተመለስሁ። በማግስቱ ከአጨዳ ሲገባ ግን ራሱ ጓዳ ገብቶ አምስት ድንች በጋቢው ቋጥሮ አመጣና ጉልበቴ ላይ አፈሰሰልኝ። ቡቃያ ቡቃያ አውጥተው ነበር። እሱን አንድ በአንድ ገነጠልሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

በዚህ መሐል ነው ቆርቆሮሽ ትዝ ያለችኝ። አንቺ ጎንና ጎኗን በሚስማር የበሳሽውን ቀዳዳ ሁሉ ይግዛው በሰም ደፍኖ ለዶሮ ውኃ ማጠጫ አድርጓት ነበር። እኛ እንግዲህ ያረጀ ቆርቆሮ ተበስቶ አገኘን ብለን መጠገናችን ነው። ሳገላብጣት ነው የገባኝ፤ ለካስ በዚያ ቀዳዳ የሚወጣው እንፋሎቱ ነው! ድንቹ የራሱ ውኃ ተመልሶበት ነው ለካ ልጣጩ የሚረጥበው። ሰሙን በእሳት አቅልጬ አወጣሁት። ድንቹን አጥቤ በሰፌድ ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ፀሐይ አስመታሁት። ወጋ ወጋ አደረግሁት፣ ዘይቱን በመዳፌ ቀባሁት፣ ጨው ነሰነስሁበት። ታቹን እንዳይነካ ከሥሩ ጠጠር ደረደርሁለት። ከላይ ብረት ከድኜ ፍም ጫንሁበት። ኮባ የሚባል ነገር አላስጠጋሁትም። በቀዳዳው ሽው እያለ ሲወጣ አየሁት። ሽውታው ካቆመ በኋላም ጥቂት ታገሥሁና ከፈትሁት። ልጣጩ ቀልቶ ተኮማትሯል። በጥፍሬ ባንኳኳው እንደ ደረቅ ቅል ጮኸ። አልደብቅሽም፣ ብቻዬን ቆሜ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ያን ጊዜ ጾመ ነቢያት ገብቷል። የንስሐ አባታችን ቄስ ሞላ ለሕመምተኛ ጾም የለባትም፣ ፈትቻታለሁ ብለው ነበር፤ እሷ ግን አልሰማቻቸውም። የእኔን ስም ረስታ ጾሙን አልረሳችም። ቅዳሴ ወጣ ወይ ብላ ሳትጠይቅ ውኃ እንኳ አትቀምስም። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ድንቹም እንዳይረጥብብኝ እሳቱ ዳር ክፍቱን አቆየሁት። ደወሉ ሲሰማ ይዤላት ገባሁ። አንሥታ ነከሰችው። ቀጭ አለ።

ዓይኗን ብታዪው! ወር ሙሉ ጭጋግ የሸፈነው ዓይን በአንዴ በራ። ደስ ብሏት «ዮዲት መጣች!» አለች። መቼ ገባች፣ ምነው ሳትስመኝ እሳት ዳር ተቀመጠች አለችኝ። ነጠላዬን አምጪልኝ አለች፣ ፀጉሯን በእጇ ደባበሰች። እኔ ነኝ የሠራሁት ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ሦስት ጊዜ የተቃጠለው የእኔ ጣት ነው፣ የተበላው የእኔ ልጅ ዘር ነው ልላት ነበር። ግን እያወራች ሳለ ሳታስበው ሁለተኛውን አንሥታ በላች። ከመስቀል ወዲህ እህል እምቢ ያለች ሴት ሁለት ድንች በላች። ሦስተኛውንም እንድትበላልኝ ብዬ አዎ መጥታለች፣ ደክሟት ጓዳ ጋደም ብላ ነው አልኋት። በላችው። እኔም ደግሜ መዋሸት እንዳይመጣብኝ ሳህኑን አንሥቼ ወጣሁ።

አራት አምስት ቀን እንዲህ ሆነ። እኔ ከዘሩ እያነሣሁ እጋግራለሁ፣ እሷ ትበላለች፣ አንቺ ጓዳ ትተኛለሽ። እኔን እግዜር ይስጥልኝ እመት፣ ልጄን ስላገዝሽልኝ ትለኛለች። የሰፈር ሴት መስዬአታለሁ። መልኳ ትንሽ መለስ ሲል አይቼ ይሁን፣ ግድ የለም፣ ማንም ልሁን ብዬ ዋጥሁት። እውነቱን ልንገርሽና፣ ድንቹን በትክክል ከሠራሁላት አንድ ቀን ማንጠግቦሽ ትለኛለች ብዬ ነበር ያንን ሁሉ የለፋሁት። ለእሷ ብዬ ብቻ አልነበረም። ለራሴም ነበር።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ አመል አመጣች። ድንቹን ትፈለቅቅና መሐሉን ትተወዋለች፤ ልጣጩን ለዮዲት ብላ ትራሷ ሥር ትደብቀዋለች። ጠዋት አልጋዋን ሳነጥፍ ረጥቦ ልፍስፍስ ብሎ አገኘዋለሁ። ብላት ብላት እሷ ሳትቀርብ አልበላም አለች። ቀጥላም ልጄን ደበቃችሁብኝ፣ አስራችሁብኝ ነው፣ ድምጿን እንኳ አታሰሙኝም እያለች ታለቅስ ጀመር። አንድ ቀን ተነሥታ ጓዳውን ልትከፍት ስትል ወደቀች። ክንዷ ጠቆረ። እንግዲህ ውሸቴ እስከዚህ ድረስ አመጣን።

ለቄስ ሞላ ነገርኋቸው። እሳቸውም ስለ ሆዷ ብለሽ ዋሽተሻል፣ ይበቃል፣ እውነቱን በቀስታ እንንገራት፣ እኔም አለሁ አሉኝ። በጾሙ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጊዜ የሚኖራቸው ማለዳ ነው። የምታውቀውን ፊት ስታይ ትረጋጋለች ብዬ እኔ ደግሞ ጎረቤታችንን አዱኛንና ባሏን ጠራሁ። በነጋታው ገና ጤዛው ሳይነሣ ተሰብስበን ገባን። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ ቄሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን በአልጋዋ ዙሪያ ተቀመጥን። ዮዲት፣ ማለዳ እንዲያ ሆኖ ወደ አንድ ቤት የሚገባ ሰው በአገራችን ምን ይዞ እንደሚገባ አንቺ ታውቂያለሽ። አራት ትልልቅ ሰዎች ሆነን አንዳችን እንኳ አላሰብነውም።

ቄስ ሞላ በስሟ ጠርተው ገና እናቴ አሰለፈች፣ ልጅዎ ዮዲት እዚህ የለችም ብለው ሲጀምሩ እምዬ የሁላችንንም ፊት ተራ በተራ አየች። ስም የረሳች ሴት ያንን አልረሳችም። «መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሩቅ አገር ናት፣ በሕይወት አለች፣ ደህና ናት ስንላት የማጽናኛ ቃል አደረገችው። ከዚያ እሪ አለች። ከየት ባገኘችው ጉልበት እንደሆነ አላውቅም፣ ደረቷን መታች፣ ፊቷን ልትነጭ ስትል እጇን ያዝናት። ስምሽን እየጠራች፣ ልጅነትሽን እየጠራች አለቀሰችልሽ። ቄሱ መስቀል አውጥተው በሕይወት አለች ብለው ማሉላት፤ አዱኛ እግሯ ላይ ወደቀች፤ ምንም አልሆነም። ልቅሶውን የሰማው ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ መጣ። ዮዲት ሞተች የሚል ወሬ እዚያ ድረስ ቢደርስሽ እንዳትደነግጪ፤ ምንጩ ይኸው ነው። በሕይወት ያለችውን እህቴን ለእናቴ አረዳኋት።

እስከ ቀትር አለቀሰች። ከዚያ ደከማትና ተኛች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ስትነቃ ፊቷ አብጧል፣ ለምን እንዳበጠ ግን አታውቅም። ፊቷን ዳሰስ አድርጋ «ዮዲት ድንቹን አወጣችው ወይ?» አለችኝ። ልቅሶውን ረስታዋለች። እኔም ወዲያው፣ ምንም ሳላመነታ፣ እያወጣችው ነው እምዬ አልኋት።

እንግዲህ የገናውን ነገር እንዳትጠይቂኝ። ድምፅሽን በስልክ ብትሰማ ጓዳ ያለሽው ልጅ በምን ተሻግረሽ ባሕር ማዶ እንደሄድሽ ማን ያስረዳታል? ያንን ለቅሶ ደግሜ ላየው አልችልም። አንድ ጊዜ ያለቀሰችውን ረሳች፤ ሁለተኛውን የምትረሳበት አቅም ያላት አይመስለኝም። አንቺም ብትሆኚ የምትሰሚው የምታውቂውን ድምፅ አይደለም፤ አሁን በሹክሹክታ ነው የምትናገረው። አደራ፣ ይህን አትለምኚኝ። መጨከኔ አይደለም። መጨከኔም ከሆነ እግዚአብሔር ይፍረድ።

ነይ አልልሽም። ፓስፖርትሽ በእመቤትሽ እጅ እንደሆነ፣ ውልሽም ገና ዓመት እንደሚቀረው አውቃለሁ። ብትመጪም ትደርሺባታለሽ ብዬ አልዋሽሽም፤ ለአንድ ሰው የዋሸሁት ይበቃኛል። ከዚያ ወዲህ ድንቹን ትነካካውና ትተወዋለች። ነክሳ ቀጭ ታደርገውና ድምፁን ትሰማለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ከዚያ ከአፏ አውጥታ ታስቀምጠዋለች። ውኃ ብቻ ነው የሚወርድላት። የዘሩም ድንች አልቋል፤ የቀረችው አንዲት እፍኝ ናት፣ እሷንም ከመጋገር እጄ አልሰበሰብ አለ። ይግዛው ምንም አይለኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አንዳንዴ ክፉ ሐሳብ ይመጣብኛል። በኮባ እንደጠቀለልሁት ልፍስፍሱን ይዤ በቀረሁ እላለሁ። ያኔ ብታለቅስ የራበው ሰው ለቅሶ ነበር፤ አሁን በአንድ ቤት ውስጥ የጠፋች ልጅ ትፈልጋለች፣ ያጠፋኋትም እኔ ነኝ። አንቺንም እቆጣለሁ። ያንን ድንች ማን ጋግሪላት አለሽ? ሁለት ወር መጥተሽ ልቧን ወስደሽ ሄድሽ እላለሁ። ጥፋት እንደሌለብሽ እያወቅሁ እቆጣሻለሁ። ከዚያ ደግሞ ለሰው ቤት ድንች ስትልጪ የሚቆራረጠው እጅሽ ትዝ ይለኝና ራሴን እረግማለሁ። እህት ዓለም፣ ተስፋዬ አልቋል። ይህን ለሌላ ሰው አልነገርሁም። ቄሱ ጸልዪ ይሉኛል፤ እጸልያለሁ፤ ምን ብዬ እንደምለምን ግን ጠፍቶኛል። አቆይልኝ እንዳልል ሥቃይዋን አያለሁ፤ ውሰዳት እንዳልል እናቴ ናት።

ይግዛው በጣም አድርጎ ሰላም ብሎሻል፤ ለከርሞው ዘር ከዘመድ እለምናለሁ፣ አታስቢ በላት ብሎኛል። ልጄ ቤተልሔም አክስቴን ሳሚልኝ ብላለች፤ ትምህርቷ ደህና ነው፣ ዘንድሮ ሰባተኛ ነች፣ ይህን ደብዳቤ ግን እንድታነበው አልሰጠኋትም። ቄስ ሞላ እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ በጸሎቴ አስብሻለሁ ብለዋል፤ ከዚያ ማለዳ ወዲህ እሳቸውም ቀና ብለው አያዩኝም፣ እኔም አላያቸውም። አዱኛና ባሏ ናፍቆታቸው ብዙ ነው፤ በሕይወት መኖርሽን ለሰፈሩ እየዞሩ ሲናገሩ ከርመዋል።

እምዬ ግን ሰላም በይልኝ አላለችም። ዛሬ ጠዋት ለዮዲት ደብዳቤ ልጽፍ ነው፣ ምን ልበልልሽ ብዬ ብጠይቃት ገርሟት አየችኝና «ምን ወረቀት ታበላሻለሽ፤ ጓዳ ግቢና ንገሪያት» አለችኝ።

ታላቅ እህትሽ ማንጠግቦሽ ይርጋ

እስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ማዶ፣ ጥድ አምባ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2003 ዓ.ም.